ናኖና ሌዘር፦ አራት ኪሎ ድረስ የሚመጡ ባለ ፋብሪካዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ሥራ ቦታችን አራት ኪሎ አካባቢ፣ ያረጀ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤት የያዝነው ኪራዩ ረከስ ስለሚል ብቻ አይደለም። ፎቅ ላይ ሳለን ሲኖትራክ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ማይክሮስኮፑ ይንቀጠቀጥብን ነበር። ጥቂት ሰዎች ነን፤ ለፋብሪካዎች በሌዘር ጥቃቅን ሥራ እንሠራለን። ሌዘር አለን፣ ማይክሮስኮፕ አለን፣ ቡና አለን። በስልክም በአካልም የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ዞረው ዞረው ያው ናቸው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ጻፍኳቸው። ጥያቄዎቹን ሰው በሚጠይቅበት አፍ ነው የተውኳቸው።

ናኖና ማይክሮ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። አንዲት የጤፍ ፍሬ እንውሰድ። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በማይክሮ ሜትር 1,000 ነው፤ ቶርኖ ቤት "ማይክሮን" የሚሉት እሱን ነው። በናኖ ሜትር ግን 1,000,000 ይሆናል። አሁን ያቺን ጤፍ 1 ኪሎ ሜትር እስክትረዝም ይለጥጧት። ከአራት ኪሎ ተነስተው ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ያለውን መንገድ ያስቡ። ያኔ 1 ናኖ ሜትር የምትሆነው አስፋልቱ ላይ የወደቀች አንዲት ጤፍ ናት።

የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 7 ወይም 8 ማይክሮን ቢሆን ነው። የእኛ ሌዘር እንደ ልቡ የሚሠራው እዚህ ሰፈር ነው፤ ከ10 ማይክሮን እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮን። ናኖ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ያለው ነው። እዚያ ሲወርዱ እቃው ራሱ ጠባዩን ይለውጣል። ወርቅ 20 ናኖ ሜትር ገደማ ቅንጣት ሆኖ ውሃ ውስጥ ሲበተን ቢጫነቱ ይጠፋል። ብርሌውን ቀይ ወይን የሞሉበት ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ ናኖ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁም ጸሐፊ ለብራና ጥቁር ቀለም ሲበጠብጥ ከሚጨምራቸው አንዱ ጥላሸት ነው። የጥላሸት ነጠላ ቅንጣት ደግሞ በአሥር ናኖ ሜትሮች ነው የሚለካው። ስሙን ሳያውቁት በቀለም ቀንድ ይዘውት ኖረዋል። "ናኖቴክኖሎጂ" የሚለውን ቃል ያወጣው ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974።

እኔ የምፈልገው ናኖ ነው። ትሠራላችሁ?

መጀመሪያ ምን እንዳስቸገረዎ ይንገሩን። ናኖ የስልክ መስታወት መሸጫ ሁሉ የሚለጥፈው ቃል ሆኗል። ሰውም ችግሩን ቤት ትቶ መድኃኒቱን አዝዞ ይመጣል። ሐኪም ፊት ቀርቦ "ይህን መርፌ ውጉኝ" እንደማለት ነው።

አንድ በርበሬ አስፈጭተው የሚያሽጉ ጋሼ መጡ። በርበሬው ማውረጃው ላይ እየተጣበቀ አስቸግሯቸዋል። "የናኖ ሽፋን አድርጉልኝ" አሉ። እኛ ደግሞ "ላሜራውን ፈትተው ያምጡት" አልናቸው። አመጡት። በግራይንደር የተፋቀ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ስናደርገው የታረሰ ማሳ ይመስላል። በርበሬው ትልሙ ውስጥ እየገባ ነው የሚቀረው፤ እንዲያውም ቀይ ሆኖ ይታያል። ራሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት። "ይሄማ እርሻ ነው!" አሉ። በደንብ ማለስለስ በቃው። ናኖም ሌዘርም አላስፈለገም። ገንዘብ አልተቀበልናቸውም፤ በርበሬውን ግን አልመለስንም።

ናኖ የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርን ማጣራት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው የሚለው። ፍሎራይድ ተሟሙቶ ስለሚገኝ በወንፊት አይያዝም፤ ወንፊቱ የፈለገውን ያህል ቢደቅ። የሚይዘው ገጽታው በጣም የበዛ ዱቄት ወይም ቀዳዳው 1 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ሽፋን ነው። ይህ የኬሚስቶች ሥራ ነው። እኛ ጋ ቢመጡም ወደ እነሱ ነው የምንወስድዎ።

ሌዘር በሙቀት የሚቆርጥ ከሆነ እቃዬን አያቃጥለውም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ያለው ከጉልበቱ ይልቅ ጊዜው ላይ ነው።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱን ግለት በጣቷ ነካ አድርጋ ታውቀው ነበር። አይፈጃትም። ሁለት ሰከንድ ብታቆየው ግን ሌላ ወሬ ነው። ሌዘርም እንደዚሁ። ተራው የፋይበር ሌዘር (ብርሃኑ በመስታወት ክር ውስጥ የሚመነጨው) ብርሃኑን በናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ ቁርጥራጭ ነው የሚተኩሰው። ለእኛ ቅጽበት ነው፤ ለብረቱ ግን ረጅም ጊዜ ነው። ሙቀቱ ወደ ጎን ይሰርጋል፣ ብረቱ ይቀልጣል፣ ቅልጡም ወደ ላይ ይፈነጥቃል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የቀዳዳው አፍ ሽሮ የገነፈለበት ድስት ይመስላል። ዙሪያውን ደርቆ ቀርቷል።

ፌምቶ ሰከንድ የሚባለው ሌዘር ይህን ለማስቀረት ነው የመጣው፤ ፌምቶ ሰከንድ የናኖ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በ100 ፌምቶ ሰከንድ ግን መሄድ የሚችለው 30 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የፀጉርን ውፍረት እንኳ አይሞላም። ብርሃኑን መጀመሪያ የሚቀበሉት የብረቱ ኤሌክትሮኖች ናቸው። እነሱ ሙቀቱን ለአቶሞቹ እስኪያቀብሉ ጥቂት ፒኮ ሰከንድ ይፈጃል፤ አንዱ ፒኮ 1,000 ፌምቶ ነው። የእኛ የብርሃን ምት ደግሞ ከዚያ በፊት አልቋል። የተመታው ቦታ ተንኖ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ወሬው ሳይደርሰው።

የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 በሩቢ ድንጋይ ሠራ። እንዲህ አጭርም ኃይለኛም ምት ማውጣት ግን ረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር፤ ምቱን ሲያጎለብቱት ማጉያውን ክሪስታል ራሱን ይሰብረዋል። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 መላ አገኙ። ምቱን መጀመሪያ በጊዜ ይለጥጡታል፣ ሳስቶ ሳለ ያጎለብቱታል፣ ከዚያ መልሰው ይጠቀልሉታል። ጎርፍን በብዙ ቦይ አሳልፎ ከታች እንደ መሰብሰብ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዓባይን ጠጥቶ ያደገው ግብፃዊ አሕመድ ዘዌይል በፌምቶ ሰከንድ ብርሃን የኬሚካል ለውጥን እየተከታተለ በማየቱ ኖቤል ወስዷል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ፌምቶ ውድ ነው፤ ዘገምተኛም ነው። ጠርዙ ትንሽ ቢገነፍል የማይጎዳዎ ከሆነ ተራው ይበቃዎታል።

መርካቶ ያለው የሌዘር ማሽን አይበቃኝም?

ብዙ ጊዜ ይበቃዎታል። የምሬን ነው። ስም መጻፍ፣ መለያ ቁጥር መቅረጽ፣ ላሜራ መቁረጥ፣ የማስታወቂያ ፊደል ማውጣት ከሆነ እዚያው ይሂዱ። ይረክስልዎታል፣ በዕለቱም ይደርሳል። እኛ ጋ የሚመጡት ቀዳዳው ከ100 ማይክሮን ሲያንስ፣ ጠርዙ ሙቀት መንካት ሳይኖርበት ሲቀር፣ እቃው እንደ መስታወትና ሴራሚክ ተሰባሪ ሲሆን፣ ወይም "ልኩ ስንት ሆነ?" ብሎ በወረቀት የሚጠይቅ ደንበኛ ሲኖርዎ ነው።

እስቲ የሠራችሁትን ንገሩኝ?

ያበላሸነውን ብነግርዎ ይሻላል።

ጭማቂ የሚያጣራ ፋብሪካ ስስ እስቴንለስ ላይ 80 ማይክሮን ቀዳዳ በሺዎች አዘዘን። በሳንን። ለካን፣ ልክ ነው፣ አሽገን ላክን። በሁለተኛው ቀን ተደወለ፦ "ወንፊታችሁ ተደፈነ።" ሄጄ አየሁት። ሌዘር የሚበሳው ቀዳዳ ሾጣጣ ነው፤ ብርሃኑ በገባበት ሰፋ፣ በወጣበት ጠበብ ይላል። ጠባቡ ወገን ወደ ጭማቂው መዞር ነበረበት። ያኔ የገባ ነገር ከአፉ ካለፈ ወዲያ እየሰፋለት ወጥቶ ይሄዳል። እነሱ ያሰሩት በግልባጩ ነው። ሰፊው አፍ ገለባውን ሁሉ እየተቀበለ አንገቱ ላይ ያንቀዋል። የማን ጥፋት ነው? የእኛ። የትኛው ፊት የትኛው እንደሆነ ምልክት አላደረግንም፤ በዓይን ደግሞ ሁለቱም ፊት አንድ ነው። አሁን ጥጉ ላይ ሳናነጥብ ምንም እቃ አይወጣም።

እምቢ ያልነውም አለ። አንድ ወጣት ከሶማሌ ተራ የናፍጣ ኑዝል (ሞተር ውስጥ ናፍጣ የሚረጨውን) በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ጫፉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። "እንደዚህ በሱልኝ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ" አለ። መብሳቱስ ይቻላል። ግን ኑዝል ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ውስጥ ያለችው መርፌ ከመቀመጫዋ ጋር የምትገጥመው በጥቂት ማይክሮን ነው፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይገፉታል። ትንሽ ከሳተ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ቡና ጠጣን፣ አስረዳሁት፣ ኑዝሉን መልሶ ጠቀለለ። አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልልኛል።

ከሠመሩልን ውስጥ የማሸጊያ ላስቲክ አለ። አበባም አትክልትም ከተቆረጠ በኋላ ይተነፍሳል። ድፍን ላስቲክ ውስጥ ሲሆን ያፍነዋል፣ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ከ50 እስከ 200 ማይክሮን የሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች አየሩን ያመጣጥኑታል። ስንት ቀዳዳ የሚለው እንደ ምርቱ፣ እንደ ክብደቱና እንደ ማቆያው ቅዝቃዜ ይለያያል። "ለእንጀራስ?" የሚሉኝ አሉ። ቀዳዳው ሲበዛ እንጀራው ይደርቃል፣ ሲያንስ ይሻግታል። መሞከር ያለበት ባለ እንጀራው ጋ ነው እንጂ እኔ ጋ አይደለም።

ወርቅ ላይ ስትጽፉ ወርቁ አይጎድልም?

የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጥያቄ ነው። ይጎድላል። ስንት ይጎድላል? እናስላው። ፊደሎቹ ሲደመሩ 50 ሚሊ ሜትር መስመር ይሆናሉ እንበል። መስመሩ 0.1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ 0.02 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ሲባዛ 0.1 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር። ንጹሕ ወርቅ በኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 19.3 ሚሊ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የሚሄደው 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ባለ 21 ካራቱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከፈለጉ በፊትና በኋላ እዚያው እርስዎ ፊት እንመዝናለን።

ወርቅና መዳብ ሌላም ዐመል አላቸው። የፋይበር ሌዘር ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ለዓይን አይታይም። ወርቅና መዳብ ከዚህ ብርሃን ከመቶ 95 በላዩን መልሰው ይወረውሩታል። ተወርውሮ የመጣው ማሽኑን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። አረንጓዴ ሌዘር ሲሆን ግን በተሻለ ይውጡታል። ፍንጩ ቀለማቸው ላይ ነው። ወርቅ ቢጫ የሆነው ሰማያዊውን ብርሃን እየዋጠ ሌላውን ስለሚመልስ ነው። ወርቅ ሠሪዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ቀለም አይቶ ማወቅ የእነሱ ሥራ ነዋ።

ውሃ የማያረጥበው ብረት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። የጎደሬ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ሲል አይተው ያውቃሉ? እንደ ሉል ተንከባሎ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ደረቅ ነው። ምክንያቱ ሰምና ጥቃቅን እብጠት ነው። ማይክሮን የሚያህሉ እብጠቶች አሉ፣ በላያቸው ደግሞ በናኖ ሜትር የሚለኩ። ሌዘር ብረት ላይ ይህን መልክ መኮረጅ ይችላል።

ደንበኛ የሚያስደነግጠው አንድ ነገር አለ። ሌዘሩ እንደጨረሰ ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት ብረቱ ውሃውን ጭራሽ ይጠጣዋል፤ ፊቱ ሁሉ ይረጥባል። "ተበላሸ" ይላሉ። አልተበላሸም። ከአየር ላይ ስስ ቅባት ነክ ነገር እየሰበሰበ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ጠባዩን ይለውጣል፤ ያኔ ውሃውን ይገፋል። ድክመቱ ሌላ ነው፦ መፈተግ አይወድም። በሽቦ የሚታጠብ እቃ ከሆነ አይድከሙ።

ፕላስቲክና ቆዳስ?

አብዛኛው ይሆናል፤ ለእነሱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይሻላል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን በራችን አይገባም። ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባም ማሽንም ይበላል። በክሮም የለፋ ቆዳም ጭሱ ጥሩ ስላልሆነ ያለ መምጠጫ አንነካውም። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ፕላስቲክ ይዘው ከመጡ፣ ከየት እንደገዙት ቢያውቁ ይረዳናል።

መብራት ቢሄድ ሥራዬ ምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ነው ያለነው፤ ስለዚህ ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው።

ሌዘሩ ከተነሳ በኋላ እስኪረጋጋ አንድ ሰዓት ገደማ እንጠብቀዋለን። ሲሞቅ ሁሉም ነገር በጥቂት ማይክሮን ይንፏቀቃል፤ የእኛ ሥራ ደግሞ ጥቂት ማይክሮን ነው። ስለዚህ ለአምስት ደቂቃ የሄደ መብራት ከእኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አለን፤ ማሽኑ በሥርዓት እስኪቆም ያደርሰዋል እንጂ ማቀዝቀዣውን አይሸከምም። ለዚህ ብለን እያንዳንዱ እቃ ላይ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ሦስት ነጥብ እንመታለን። መብራት ሲመለስ ካሜራው ነጥቦቹን ፈልጎ ካቆመበት ይቀጥላል። ነጥብ ሳንመታ የጀመርነውና መሐል ላይ የተቋረጠ እቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣል ነው። ያንን ከእርስዎ አንቆጥርም።

ማሽን ለመግዛት የሚያስቡ ካሉ ደግሞ አንድ ምክር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ለዚህ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ የሚያነፍሰው አየር ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ሙቀትም በዚያው ልክ ነው የሚወስደው። ጀነሬተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሻጩ የላከልዎ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ማቀዝቀዣውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይዘዙ። እኛ ይህን ያወቅነው የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ በሚያዝያ ሙቀት እየጮኸ ከቆመብን በኋላ ነው።

ምን ይዤ ልምጣ?

እቃውን። ከተቻለ ሁለት፦ ደህናውንና የተበላሸውን። የተበላሸው ብዙ ይናገራል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ጥሩ ነው፤ ግን ጥልቀት አይታይበትም። ዲኤክስኤፍ የሚባለው የኮምፒውተር ንድፍ ካለዎ እሰየው፤ ከሌለዎ ወረቀት ላይ በእጅ የተሳለም ይሠራል፤ ልኩ ብቻ ይጻፍበት።

አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። "ስንት ቢስት ችግር የለም?" ሁሉም ሰው "ልክ ይሁን" ነው የሚለኝ። ልክ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የሚፈቀድ ስህተት ነው። 5 ማይክሮን ሲሉኝና 50 ማይክሮን ሲሉኝ ሁለት የተለያየ ሥራ፣ ሁለት የተለያየ ዋጋ ነው። ካላወቁት ደግሞ አብረን እንፈልገዋለን። እቃው ከምን ጋር ይገጥማል? ምን ያልፍበታል? ሲበላሽ መጀመሪያ የቱ ይበላሻል?

ዋጋው ስንት ነው?

ሳላየው አልናገርም። ግን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ልንገርዎ። ብዙው የሚሄደው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ለዚያ እቃ የሚስማማውን ጉልበት፣ ፍጥነትና ድግግሞሽ ስንፈልግ። ይህ አንዳንዴ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ነው። ከተገኘ በኋላ መሥራቱ ቀላል ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬ ብቻ የሚያሠራ ሰው ይከብደዋል፤ ሺህ የሚያሠራ ይቀለዋል። ለሙከራው ለብቻው ቀብድ እንቀበላለን። ሙከራው "አይሆንም" የሚል መልስ ይዞ ቢመጣም ደክመንበታልና አንመልስም። ይህን ቀድመን ስለምንናገር እስካሁን አልተጣላንም። አንድ ጊዜ ብቻ ተኳርፈናል።

ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመለካት። ያልለካነውን "ሠራን" አንልም።

የብርሃን ማይክሮስኮፕ ወሰን አለው። ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳሳየው ከ200 ናኖ ሜትር ገደማ በታች ሁለት ነጥብን ለይቶ አያሳይም። ከዚያ በታች ሲሆን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም በመርፌ ጫፍ ገጽታውን የሚዳስስ መሣሪያ ያስፈልጋል። እኛ ሁለቱም የለንም። ዩኒቨርሲቲ ወረፋ ይዘን እናስመረምራለን፤ ለዚህ ነው ናኖ የሚነካ ሥራ ሁሉ የሚዘገየው።

ሙቀትም ይዋሻል። 1 ሜትር ብረት በ1 ዲግሪ 12 ማይክሮን ያህል ይረዝማል። የአንድ ክንድ ያህል ብረት ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና አውጥተው ቢሰጡኝ ከምሠራው ስህተት የበለጠ ራሱ ተለጥጧል። ስለዚህ እቃው ጠረጴዛ ላይ አርፎ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን። የዓለም መለኪያ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ ቡና ይጠጣሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ መሥራት ምን ይጠቅመኛል?

ሰው ያገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰዎች እዚሁ አራት ኪሎ፣ መሐንዲሶቹ አምስት ኪሎ ናቸው፤ በእግር ይደረሳል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአቃቂ በኩል የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች እውነተኛ ችግር ሲያገኙ ዓይናቸው ይበራል።

የሚያጋጨው የጊዜ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው "ለገና እፈልገዋለሁ" ይላል። ተማሪው ፈተና አለበት፣ ኬሚካሉ ጉምሩክ ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ አድርገው ይለዩት። አስቸኳዩን እኛ ወይም ሌላ ሱቅ ይሥራልዎ፤ "ለምን እንዲህ ይሆናል?" የሚለውን ለተማሪው ይስጡት።

ሐሳቤን ብትወስዱብኝስ?

መስጋትዎ ልክ ነው። አስቀድመን ወረቀት እንፈራረማለን። አዲስ ነገር ነው ብለው ካመኑ ደግሞ እኛ ጋ ከመምጣትዎ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ይሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የፓተንት ጥበቃ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራም 5 ዓመት ሆኖ በ5 ዓመት የሚራዘም ጥበቃ አለ። ከማመልከትዎ በፊት ግን ለቴሌቪዥንም ለባዛርም አያሳዩት፤ የታየ ነገር አዲስ ነው ማለት ያስቸግራል። የማሽኑ ቅንብር የእኛ፣ እቃው የእርስዎ ነው፤ ከተማሪ ጋር የሚሠራ ከሆነ ሦስተኛ ወገን ስላለ ቀድሞ ይጻፍ።

መጥቼ ማየት እችላለሁ? ለዓይን አደገኛ አይደለም?

ይምጡ። ሌዘራችን ሳጥን ውስጥ ነው፤ በሩ ሲከፈት ራሱ ይጠፋል። ለጥገና ሲከፈት ግን ማንም እንግዳ አይገባም። ከ0.5 ዋት በላይ የሆነ ሌዘር በአደገኛነት ምደባው አራተኛ ክፍል ነው፤ ከግድግዳ ነጥሮ የመጣው እንኳ ዓይን ይጎዳል። ዋናው ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ስለማያዩት አይጨፍኑም፤ እሱ ግን በዓይን ሌንስ አልፎ ከኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን (ሬቲና) ያቃጥላል። መንገድ ላይ የተገዛ ባለ ቀለም መነጽር አይከላከልም። መነጽር ለየሞገዱ የተለየ ነው፤ ለአረንጓዴው የተሠራው ለማይታየው ላይሆን ይችላል። ማሽን ካለዎ መነጽሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ዛሬውኑ ያንብቡት።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

እቃው የእርስዎ ከሆነ እንደፈለጉ። አጠገቡ ያለው ጨርቅ የለበሰው ግን የሌላ ሰው ነው።